ማንም ጎትቶት የማያውቀው ሁመይድ

በእኛ መንደር ገመድ ለመጠየቅ ማንም አያፍርም። በምሥራቅ ባሕር፣ በምዕራብ አሸዋ ነው፤ በመካከል ያለነው ሁሉ አንድ ቀን ጎማችን መስመጡ አይቀርም። ዛሬ እኔ እጎትትሃለሁ፣ ነገ አንተ ትጎትተኛለህ፤ ከዚያ ከአንድ ትሪ ሩዝ በዓሣ እንበላለን። ከዚህ ብድር ውጭ የኖረው ሁመይድ ብቻ ነበር። በወጣትነቱ ነዳጅ ለሚፈልጉ የውጭ ሰዎች ሾፌር ሆኖ ምድረ በዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጧል፤ በኋላም ከባሕሩ ወደ መሐል አገር ዓሣ ያመላልስ ነበር። በእነዚያ አርባ ዓመታት የስንቱን መኪና ከአሸዋ እንዳወጣ ራሱም አያውቀውም። የእሱን መኪና ግን ማንም ጎትቶ አያውቅም። ልጆች ሳለን አንዱ ጓደኛችን እርዳታ አልፈልግም ብሎ ሲኮራ «ሁመይድ ነኝ ልትል ነው?» እንለው ነበር።

እኔ የጎረቤቱ ልጅ ነኝ። እናቴ እኔን ስትወልድ ታማ ስለነበር የሁመይድ ሚስት ዙወይና ከልጇ ከራያ ጋር እኩል አጥብታኛለች። በእኛ ዘንድ አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት በር አላንኳኳም፣ ራያም ከእኔ አትሸፈንም። ሁመይድን «አባቴ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አባቴ እንዳይቀየም ብዬ «አጎት» እለዋለሁ።

በብርዱ ወራት፣ ንፋሱ ሲሰክን፣ ሁመይድ በየወሩ አንድ ጊዜ ብቻውን ወደ ባሕር ዳሩ ነጭ አሸዋ ይሄድና ሦስት ሌሊት ያድራል። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ምንጣፍ፣ ሸራ፣ ሁለት ምሰሶ፣ ድስት ከነክዳኑ፣ ውሃ በጀሪካን፣ ሩዝ፣ ተምር፣ ደርቆ እንደ እንጨት የሚንቋቋ የሻርክ ሥጋ። ከመነሳቱ በፊት ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ አራቱን ጎማዎች ያስተነፍሳል። መለኪያ የሚባል ነገር አይዝም። የጎማውን መተንፈሻ በክብሪት እንጨት ተጭኖ፣ ጊዜውን ለመለካት የቁርአኑን መክፈቻ ፋቲሐን ይቀራል፤ ለፊተኞቹ አራት አራት ጊዜ፣ ለኋለኞቹ ስድስት ስድስት ጊዜ። አንድ ቀን ኢማሙ በዚያ ሲያልፍ ሰማውና፣

«ሁመይድ፣ ይህ ሶላት ነው ወይስ ጥገና?» አለው።

«ጎማው ቅር አላለውም» አለ ሁመይድ፣ ቀና ሳይል። ኢማሙ እየሳቀ አለፈ።

ዙወይና በሕይወት ሳለች በር ላይ ቆማ ትሸኘው ነበር። «ሌላው ወንድ በሚስቱ ላይ ሚስት ያገባል፤ የእኔው አሸዋ አገባ» ትላለች ለጎረቤቶቿ። እነሱ ሲስቁ ትቀጥላለች፤ «ደግሞ ጣውንቴ ጨዋ ናት። ልብስ አምጣ አትል፣ ወርቅ አምጣ አትል። የምትወስድብኝ ሩዝና ምንጣፍ ነው።»

እዚያ ሄዶ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«እተኛለሁ» አለኝ።

«እዚህስ ትተኛ የለም እንዴ አጎት?»

«እዚህ ስነቃ መጀመሪያ የማየው ጣሪያ ነው» አለ።

ሁመይድ የተወለደው የደረቀ ዓሣ በጫኑ ግመሎች ጉዞ መሐል ነው። እናቱ ከሰዎቹ ጥቂት ፈቀቅ ብላ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ወልዳው፣ ማታውን ጉዞው ቀጠለ። ወንድሞቹ ጠረፉ ላይ ከተሙ፤ እሱም ቤት ሠራ፣ በር ገጠመ፣ መብራት አስገባ። ቤቱን አይጠላውም። ግን ለስድሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጣሪያ እንደ ባዕድ ሰው ቀልድ አላስቀው አለ።

ያን አሸዋ እኔ በልጅነቴ ከሩቅ ብቻ ነበር የማውቀው። በኋላ ሳየው ቆሜ ቀረሁ። የአሸዋው ተራራ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። አሸዋው የዛጎል ዱቄት ነውና ከወተት ይነጣል፤ ሲረግጡት እንደ አዲስ ጫማ ይጮኻል። ከሥሩ ትናንሽ ሸርጣኖች ሌሊቱን ሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አድረው አፈሩን በየበራቸው ይከምራሉ፤ ጠዋት ሺህ ትናንሽ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ባሕሩ ሲሞላ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል፤ ማታ እንደገና ይጀምራሉ። ይህን እያዩ አርባ ዓመት መቀመጥ እንደሚቻል በዚያን ጊዜ ገባኝ።

ዙወይና ከሞተች ወዲህ የሁመይድ ስኳር በሽታ ዓይኑን ያዘው። ግራው ጨርሶ ጠፋ፤ በቀኙ ላይ ጭጋግ ወረደ። ሐኪሙ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደሚሄድ ነገረው። ብርሃን ያለው ነገር ሁሉ ክብ ሆነበት። የመንገድ መብራት ክብ፣ የምድጃ እሳት ክብ፣ ከዋክብትም እንደ ዕንቁላል። ይህን ሲነግረኝ እንደሚያስቅ ነገር ነበር የነገረኝ።

በዚያ ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ በሙስካት የሚሠራው ልጁ ኸልፋን መጣ። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ እኔም ከዚያው ትሪ እየበላሁ ነበር።

«አባቴ፣ ስለ መኪናው እንነጋገር» አለ ኸልፋን።

«መኪናው ምን አለ?»

«መኪናው ምንም አላለም። ሐኪሙ ነው ያለው። እንዳትነዳ ብሎሃል፤ እኔም አጠገብህ ነበርኩ።»

«ሐኪሙ መንገድ ላይ እንዳልነዳ ነው ያለኝ» አለ ሁመይድ። «እዚያ መንገድ የለም።»

ከባሏና ከልጆቿ ጋር እዚያው ቤት የምትኖረው ራያ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። ኸልፋን አልሳቀም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱን በቀበረ በዓመቱ አባቱን ከአሸዋ መሐል ሞቶ እንዳያገኘው የሚፈራ ሰው ነው። ሩዙን በጣቱ እየገፋ እንዲህ አለ፦

«ይህን ብርድ ሂድ። አልከለክልህም። ማታ ማታ ከአሸዋው ጫፍ ላይ ሆነህ ለራያ ትደውላለህ። ግን አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ጊዜ ጎትቶ ካወጣህ ቁልፉን ትሰጠኛለህ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።»

«ከጎተተኝ» አለ ሁመይድ።

«ከጎተተህ።»

«እሺ። ይህ የጡት ልጄም ምስክር ይሁን» አለና ወደ እኔ አመለከተ። አፌ ሙሉ ነበር፤ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ቀላል ሆኖ ተፈጸመ። ሁመይድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደስተኛ ነበር፤ የተዋዋለው በዓለም ላይ ከማይሆን ነገር ጋር ነበርና።

ስለ ጨረቃ መናገር አለብኝ። የወሩን መባቻ እኛ ከሬዲዮ እንሰማለን። ሁመይድ ግን ጨረቃዋን በዓይኑ ሳያይ ወር ገባ አይልም፤ አባቱም አያቱም እንዲህ ነበሩ። በጠረፉ ላይ የሚያድር ሰው ደግሞ ቀኑን ማወቅ አለበት፤ ባሕሩ የሚሞላው በጨረቃ ነው። የሁመይድ ሕግ አጭር ነበር፤ «ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት፣ ባሕር ጎረቤት አይደለም።» በእነዚያ ቀኖች ወይ ከአሸዋው ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ወይ ቤቱ ይገባል። በቀሩት ቀኖች ከአሸዋው ሥር፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ባለው ጠንካራ ሜዳ ላይ ያርፋል።

የረጀብ ወር የገባ ጊዜ ወደ ምዕራብ ዞሮ ቆሞ አንድ ምሽት ፈለጋት፤ አላያትም። በሁለተኛውም አላያትም። በሦስተኛው ምሽት ደስ ብሎት ገባ።

«ዛሬ አየኋት። ወሩ ዛሬ አንድ አለ» አለ።

«አባቴ፣ ሬዲዮው ከተናገረ ሁለት ቀን አለፈው» አለች ራያ።

«ሬዲዮው የሚኖረው ሙስካት ነው። እኔ የምኖረው እዚህ ነው።»

ራያ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም ወደ ምንጣፉ። ዓይኑ ጠፍቶ እንጂ ጨረቃዋ አልዘገየችም ብሎ ማን ይነግረዋል? ለአንድ ሽማግሌ በገዛ ቤቱ ይህን መንገር እኛ ጋ አይደረግም። ዝም አልን። ስለዚህ ዝምታ ከራያ ጋር እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።

በራሱ አቆጣጠር በአሥረኛው ቀን ተነሳ። ሦስት ሌሊት አድሮ በአሥራ ሦስት ሊመለስ ነው። ጎማውን አስተንፍሶ ሲጨርስ ራያ እንደ ልማዷ ቀድማው ሄዳ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ከቤታቸው እስከ አሸዋው ያለው መንገድ ያ አንድ አስፋልት ብቻ ነው፤ እሷ ግራና ቀኝ አይታ ታሻግረዋለች።

«ከግራ የሚመጣ አለ?» አላት በመስኮት።

«አንድ የጭነት መኪና። ቆይ። ቆይ አባቴ። አሁን ሂድ።»

ሄደ። ወደ አሸዋው ከገባ በኋላ ዓይን አያስፈልገውም ነበር። መሪው በእጁ ላይ እንዴት እንደሚከብድና እንደሚቀል፣ ሞተሩ ምን እንደሚያጉረመርም፣ ከወንበሩ ሥር ያለው መሬት ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ በመቀመጫው ያውቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች መልካም ነበሩ። ሸራውን ከመኪናው ጎን ወጥሮ ምንጣፉን ዘረጋ። ባሕሩ ከተፋው እንጨት እሳት አነደደ። ማታ ማታ ከአሸዋው ጫፍ ላይ፣ ስልክ ከሚይዝበት፣ ለራያ ደወለ። «ደህና ነኝ፤ ባሕሩም ደህና ነው» አላት በመጀመሪያው ቀን። በሦስተኛው ቀን «ባሕሩ ዛሬ ቀረብ ብሏል፤ ንፋስ ነው» አላት። ምንም ንፋስ አልነበረም። ጨረቃዋን አይቷታል፤ ክብ ነበረች፤ ግን ለእሱ ከሰባተኛው ቀን ጀምራ ክብ ነበረች።

ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ ለንጋት ሶላት ሲነሳ እግሩ ያረፈው እርጥብ መሬት ላይ ነው። ሌሊቱን ባሕሩ እስከ ምንጣፉ ጫፍ መጥቶ፣ ሳይቀሰቅሰው ተመልሷል። ሰገደ። ከዚያ በእጁ እየዳበሰ መኪናውን ዞረ። አራቱም ጎማዎች እስከ ወገባቸው ገብተዋል። ያ ጠንካራ ሜዳ ላዩ አሸዋ ነው እንጂ ሥሩ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ውሃ ከጠጣ አይሸከምም። ይህን ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ አስተምሮታል።

አልደነገጠም። በእሱ ቆጠራ አሥራ ሦስት ነው፤ ባሕሩ ሌሊት የመጣው በአጋጣሚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለው። የድስቱን ክዳን ከክሪኩ ሥር አስቀምጦ መኪናውን ማንሳት ጀመረ። ክዳኑ ታጠፈና ሰመጠ። በአካፋ ቆፈረ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ከባሕሩ ዳር የመኪና ድምፅ ሰማ፤ አካፋውን ወርውሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

የመጣው ሻሚስ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ዓሣ አጥማጅ። ወርዶ ሰላምታ ሰጠው፤ እንደ ወጋችን አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካኩ።

«ቅረብ፣ ተምር ቅመስ» አለ ሁመይድ።

«መረቤ ውሃ ውስጥ ነው አጎት፤ ባልዘገይ ይሻላል።»

«መረብ የሚጠብቀው ዓሣ ነው፣ አንተን አይደለም። ቁጭ በል።»

ሻሚስ ተቀመጠ። ሦስት ተምር በላ። እንግዳ ሳይቀምስ ምንም አይባልም፤ ከቀመሰ በኋላ ባለ ምንጣፉ ወሬ ይጠይቃል። አጠያየቁ ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው፣ አባትህ ጠዋት ሞቶም ቢሆን፣ «ወሬ የለም፤ ደህና ነው» ትላለህ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው በር ነው፤ ያለህን ሁሉ በእሱ ታስገባለህ። ከዚያ በኋላ እንግዳው በተራው ይጠይቃል። በሦስተኛው «ወሬ የለም» ያለ ሰው ላይ ሌላ ጥያቄ መጨመር ግን በገዛ ምንጣፉ ላይ ዋሸህ ማለት ነው፤ ይህን ማንም አያደርገውም።

ሁመይድ ሦስቴ ጠየቀ። በሦስተኛው ሻሚስ፣ «ሚስቴ ወንድ ወለደች። ሰርዲኑ ባሕር ውስጥ ከገባው የመሬት ራስ በስተጀርባ ገብቷል። የወንድሜ ጀልባ ሞተሩ ተቃጥሏል» አለ።

«ለልጅህ ዕድሜ ይስጥልህ። ወንድምህ ዘይት አይጨምርም፤ ነግሬው ነበር።»

«እሱ የሚሰማው ከተቃጠለ በኋላ ነው» አለ ሻሚስ። ከዚያ ተራው ደረሰ። «አንተስ አጎት፣ ወሬ ምን አለ?»

«ወሬ የለም፤ ደህና ነው።»

«ወሬ ምን አለ?»

«ወሬ የለም፤ ደህና ነው።»

ሻሚስ ሦስተኛውን ከመጠየቁ በፊት ወደ መኪናው ተመለከተ። ጭቃው የሁመይድ ክርን ላይ ነበር። «መኪናህ ቁጭ ብላለች» አለ፣ እንደ ቀልድ።

«ደክሟታል። እሷም አርጅታለች።»

«ጥሩ ገመድ ይዣለሁ።»

«ገመድማ የሌለው ማን አለ።»

ሻሚስ በኋላ ለእኔ ሲነግረኝ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ በሩን በትከሻው እንደሚገፋ ሰው ነበር የጠየቅሁት አለኝ። «አጎት ሁመይድ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ወሬ ምን አለ?»

ሁመይድም በኋላ ነግሮኛል። በዚያች ቅጽበት ያየው የኸልፋንን የተዘረጋ እጅ ነው። ሻሚስ አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ እንኳ፣ እሱ ራሱ ለልጁ መዋሸት አይችልም፤ ተጎትቻለሁ ብሎ መናገር ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ቀን ቀን የልጅ ልጆቹን ጩኸት፣ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ አየው።

«ወሬ የለም፤ ደህና ነው» አለ።

ሻሚስ ተነሳ። ያን ዕለት ቀኑ አሥራ አምስት መሆኑን ያውቃል፤ ሁመይድም ያውቃል ብሎ አሰበ። ለሁመይድ ቀን መንገር ለኢማም የሶላትን አቅጣጫ ቂብላን እንደማሳየት ነው። ከመኪናው ገመዱን አውርዶ ምንጣፉ አጠገብ አስቀመጠ።

«ይህ ይከብደኛል፤ ቀትር ላይ ስመለስ እወስደዋለሁ» አለ።

«ይሁን። ማንም አይነካውም።»

ሻሚስ ከመሬቱ ራስ ማዶ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ስልኩን አወጣ። ለራያ ሊደውል ፈለገ። ምን ይበላት? አባትሽ ደህና ነኝ ብሏል ይበላት? ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ መረቡ ሄደ።

ሁመይድ ወደ ሥራው ተመለሰ። ምንጣፉን አጥፎ ከኋለኛው ጎማ ሥር ከተተው። ሸራውንም ከተተ። በጎማው የቀረውን አየር አስተነፈሰ፤ ያን ዕለት ስንት ፋቲሐ እንደቀራ አላስታወሰውም። ሞተሩን አስነስቶ ቀስ ብሎ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ወጣች፤ ከዚያ ምንጣፉን ወደ ኋላ ተፍታ ከበፊቱ የባሰ ገባች። እንደገና ቆፈረ። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በየአሥር አካፋው ይቀመጣል።

የሆነውን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ከዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ባሕሩ ከፊት አልመጣም። እሱ ወደ ፊት እያየ፣ ጆሮውን ወደ ሞገዱ ጥሎ ይጠብቅ ነበር፤ ውሃው ግን ከቆፈረው ጉድጓድ ሥር ወጣ። መጀመሪያ አካፋው ለስለስ አለበት። ከዚያ ጣቱን ሲከት ቀዝቃዛ ነው። ቀመሰው፤ ጨው ነው። ጉድጓዱ ከሥር ወደ ላይ፣ እንደ ምንጭ፣ ዝም ብሎ ሞላ። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ቆጠረ፤ አንድ ምሽት ፈለግሁ፣ ሁለት ምሽት ፈለግሁ። በአሥራ ሦስቱ ላይ ሁለቱን ጨመረ። አሥራ አምስት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ፊተኛው ሞገድ ጎማውን ላሰ፤ ሁለተኛው አለፈው። ሁመይድ ድስቱንና ጀሪካኑን ወደ አሸዋው ወገብ አወጣ። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ለምን እንደገባ ጠይቄው አላውቅም። ሞተሩን አስነሳ፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታው በውሃ እስኪደፈን ሠራች፤ ሁለቴ አስነጠሰች፤ ዝም አለች። ውሃው ወለሉ ላይ ገባ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ፤ ወንበሩን ነካ። ቅዝቃዜው ጭኑን ሲይዘው በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ። ቁልፉን መንቀሉን አልረሳም።

ከአሸዋው ጫፍ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ራያ ናት።

«አባቴ፣ ምነው ሳትደውል? ለምሳ ትደርሳለህ?»

«አላውቅም» አለ።

አባቷ ይህን ቃል ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልጨመረችም፤ ሻሿን ሳታስተካክል ወደ እኛ ቤት ሮጠች።

እኔ ስደርስ ሻሚስ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ከበታቻቸው የመኪናው ጣሪያና የኮፈኑ ግማሽ ብቻ ይታያል፤ ሞገድ ሲመጣ ኮፈኑ ይጠፋል፣ ሲመለስ ያብረቀርቃል። ፀሐይ ነበር፤ ባሕሩን እንደዚያ ሰማያዊ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ አንድ ነጭ ወፍ መጥቶ የመኪናው ጣሪያ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ማማሩ ለእኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ነገር ነው።

«የጡት ልጄ» አለ ሁመይድ የእግሬን ድምፅ ሰምቶ። እርጥቡን ቁልፍ ዘረጋልኝ። «ምስክር ነበርክ። ለኸልፋን ስጠው።»

«አጎት፣ ቃል ቃል ነው» አለ ሻሚስ። ያለቅስ ነበር፤ አልሸሸገውም። «ማንም አልጎተተህም። እኔ ምስክር ነኝ፤ ማንም አልጎተተህም።»

«አዎን» አለ ሁመይድ። «ቢጎትቱኝ ይሻል ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲጎድል ጀልባ የሚያወጣው ትራክተር መጥቶ መኪናዋን ጎተታት። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ነበሩ። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ዕለት እንደ ሠርግ እናወራው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ትራክተሩ ብቻ ነው የጮኸው። ሁመይድ ጀርባውን ሰጥቶ ጭቃ የጠጣውን ምንጣፍ ያጥፍ ነበር። ምንጣፉ አልታጠፍ አለው፤ ሄጄ አንዱን ጫፍ ያዝኩለት።

ኸልፋን በማግሥቱ ደረሰ። ይቆጣል ብለን ፈርተን ነበር፤ አልተቆጣም። አባቱን አቅፎ ራሱን ሳመው፤ ቁልፉን ስሰጠው ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት በእጁ ይዞት ዋለ። ጨው የበላው ሞተር አልተነሳም። አንድ ጎሚስታ ጎማዎቹን ወሰደ፤ ቀሪው ከግድግዳው ሥር ቀርቶ ዛገ፤ ፍየሎች ጥላው ሥር ይተኛሉ።

ስመለከተው፣ ከሞት ያነሰ ግን ሞት የሚመስል ነገር እንዳለ ተማርኩ። ሁመይድ አልታመመም፤ ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ሲቀልዱ ይስቃል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ወደ አሸዋው ልውሰድህ አልኩት፤ የአባቴ መኪና አለ፣ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፣ አታየኝም።

«የሚያሳስበኝ አንተን ማየቴ አይደለም» አለ። «ሰው ካለ ሽርሽር ነው። ሽርሽር ለልጆች ነው፤ እነሱን ውሰድ።»

በዒድ ማግሥት ግን የራያ ባል ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ወጣ፤ ሁመይድንም ለምነው አስገቡት። ከአሸዋው ጫፍ ላይ፣ ባሕር ከማይደርስበት፣ ትልቅ ድንኳን ተተከለ። ሥጋ ተጠበሰ፤ ልጆቹ በትሪ እየተንሸራተቱ ይጮኹ ነበር። ራያ ለአባቷ ትራስ አምጥታ ባሕሩን ፊት ለፊት እንዲያይ አስቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ ትራሱን ይዞ ተነሳና ዞሮ ፊቱን ወደ ምድረ በዳው አድርጎ ተቀመጠ። የአስርን ሶላት ሰግዶ እንደ ጨረሰ ራያን ጠራት።

«ልጄ፣ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ካለ አብሬው ልሂድ» አለ።

እኔ ወሰድኩት። ከበሩ ስንደርስ እጄን ይዞ ወረደ፤ በግድግዳው እየተመራ ገባ፤ ክፍሉ ውስጥ ጋደም ሲል ሰማሁት። መስኮቱን ልክፈትልህ ወይ አልኩት። አያስፈልግም አለኝ።